በፍልሰታ የተተከለ ድንኳን

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ ታስታውሳለች፤ እሷ የማታስታውሰው ነገር የለም፣ በተለይ ጥፋቴን። ግን ከጠየቅኋት ዓመቱን ብቻ ነግራኝ አታቆምም። ያን ቀን ምን እንደለበስኩ፣ ምን እንዳጠፋሁ፣ ምን ብዬ እንደዋሸሁ ሁሉ ስለምትዘረዝርልኝ አለመጠየቁን መርጫለሁ። ብቻ ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ ነው። ሰው ሁሉ የአፍ መሸፈኛ አድርጎ ይዞር የነበረበት ጊዜ ካለፈም በኋላ ነው። ክረምት ነበር። ይህን ያህል ካወቅን ይበቃናል።

እኔ ደብረ ማርቆስ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ትምህርት ቤት ውዬ አድሬ ሳልማር የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። እሷ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። በሽተኛው ቶሎ ድኖ ወደ ቤቱ የሚሮጠው ሹሮሽን ፈርቶ ነው እላት ነበር። መልሷን እዚህ አልጽፈውም።

ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራም ነበረኝ። የሰፈራችን እድር ድንኳን ተካይ ነበርኩ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠሩት ቄሱ ናቸው፣ ቀጥሎ እኔ። ቀን ይሁን ሌሊት፣ ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ መጋዘኑን ከፍቼ ሸራውን አወጣለሁ፣ ምሰሶውን አቆማለሁ፣ አግዳሚውን እደረድራለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ በሰፈሩ ለሞተ ሁሉ ድንኳን ተክያለሁ። ያልተከልኩለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ።

ወንድሜ የሞተው ሰው እንዳይሰበሰብ በተከለከለበት ጊዜ ነው። አራት ሆነን ቀበርነው፤ አራተኛው ቄሱ ናቸው። ድንኳኑ መጋዘን ውስጥ እንደታጠፈ ቀረ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ። ለቅሶ የደረሰ የለም፣ ንፍሮ የቀመሰ የለም። እኔም አላለቀስኩም። ድንኳን ሲፈቀድ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ሲፈቀድ ደግሞ ጊዜው አልፏል፤ ሰው ከመንፈቅ በኋላ ድንኳን ተክሎ "ኑ አልቅሱልኝ" አይልም። ዝም አልኩ። ዝምታው ለመደብኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እውል ጀመር። ግድግዳ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ አያማ፣ አይበደር።

"እርምህን አላወጣህም" ትለኛለች ባለቤቴ። "በወጉ ያልተለቀሰለት ሰው ውስጥ ይቀመጣል። ይበላሃል።"

"እኔን በልቶ ምን ያገኛል? አጥንት ነኝ።"

"አጥንቱንም እያገባደደው ነው።"

እንዲህ ሆነን ሳለ የእህቷ ልጅ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ብዙ አሳብ ይዞ የተመለሰ። ጮቄ ተራራ ላይ ካምፕ ከፍቻለሁ አለን። ካምፕ ምንድን ነው አልኩት።

"ጋሼ፣ ሰው ከከተማ መጥቶ ድንኳን ውስጥ የሚያድርበት ነው።"

"ቤት የለውም?"

"አለው እንጂ።"

"ቤቱ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ለመዝናናት ነው።"

እኔ እስከማውቀው ሰው ድንኳን የሚገባው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ወይም ለዘመቻ ነው። አራተኛ ምክንያት መኖሩን በስተርጅና ሰማሁ። ልጁ እንደነገረን ከሆነ የቀጠራቸው ወጣቶች ብርዱን አይተው ሸሽተዋል። ስለዚህ ብርድ የማይፈሩ ሰዎች ፈልጎ ሁለት ሽማግሌዎች ጋ መጣ። እኔ ድንኳን እንድጠብቅ፣ እሷ እንድታበስል፣ ክረምቱን ብቻ። ላስብበት ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ጓዟን ጠቅልላ ገመድ ትፈልጋለች። ከግድግዳው ልትነጥለኝ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ጮቄ በክረምት ማለት ደመና ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። ከማርቆስ ሆኜ ያንን ደመና ስንት ዓመት ሳደንቀው ኖሬአለሁ፤ ውስጡ ሲገቡ የረጠበ ጋቢ ነው። እንግዶቹ ደግሞ ፈረንጆች ናቸው። በነሱ አገር ያን ጊዜ በጋ ነው አሉ። ስንት ፀሐይ ጥለው፣ ባሕር ተሻግረው፣ እኛ ጋ ጭቃ ውስጥ ሊንቀጠቀጡ ይመጣሉ። ጠዋት ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ "በጣም ቆንጆ ነው" ይላሉ። ድንኳኖቻቸው ትንንሽ፣ ባለቀለም፣ ዣንጥላ የሚያካክሉ ናቸው። ሥራዬ ዙሪያቸውን ቦይ መቆፈር፣ ነፋስ የወሰደውን መከተልና ማምጣት ነበር። አንዱን ሰማያዊ ድንች ማሳ ድረስ ተከትዬዋለሁ፤ ባለቤቱ ገበሬ ከሰማይ ወረደልኝ ብሎ ሊመልስልኝ አልፈለገም።

ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ እኔና ባለቤቴ ወጣ እንል ነበር። እሷ ከፊት፣ እኔ ከጉልበቴ ጋር ከኋላ። ገብሱንና ድንቹን አልፈን፣ አስታ የሚሉትን ቁጥቋጦ አልፈን፣ ጅብራ የሚባለው ተክል እስከሚቆምበት ከፍታ እንደርሳለን። ጅብራ የሰው ቁመት አለው፣ አንዳንዱም ከሰው ይበልጣል። አንድ ቀን ጭጋጉ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ቆመው አየሁና ባርኔጣዬን አንስቼ "እንደምን አደሩ?" አልኩ። ዝም አሉኝ። የደጋ ሰው ኩሩ ነው ብዬ ደግሜ እጅ ነሣሁ። ባለቤቴ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

"ደህና አድረዋል በላቸው! ከብቱስ? ልጆቹስ?"

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሳቁም ለቅሶውም በአንድ በር ነው የሚወጣው መሰለኝ፤ የኔ በር ተዘግቷል።

ፍልሰታ ገባ። በዚያ ሰሞን የነበሩት እንግዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እንደኛው ጡረታ የወጡ፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ ባልና ሚስት። አንድ ከሰዓት በረዶ ወርዶ ትንንሾቹን ድንኳኖች ከአንዱ በቀር ዘነጣጠላቸው። የእህቷ ልጅ ማርቆስ ወርዶ ትልቅ የሸራ ድንኳን በአይሱዙ አስመጣ።

"ጋሼ፣ ይሄ የምግብ መብያ ይሁን። መትከል ይችላሉ?"

መትከል ይችላሉ አለኝ! ዓሣን መዋኘት ትችላለህ ወይ እንደማለት ነው። እሱ ሌላ ዕቃ ሊያመጣ በዚያው መኪና ተመለሰ፤ እኔ ጋቢዬን ጥዬ ሥራ ጀመርኩ። እጄ ሸራውን ሲነካ ያውቀዋል፤ ጭንቅላቴን ማማከር አላስፈለገውም። አፉን ወደ መንገዱ አደረግሁት፣ መጪው ሰው ሳይጠይቅ እንዲገባ። ጎንና ጎኑን ጠቀለልኩ። አግዳሚዎቹን ፊት ለፊት ደረደርኩ። ደጁ ላይ እሳት የሚነድበትን ቦታ አስተካከልኩ። ሲመሽ ጨረስኩና ዞሬ አየሁት። አንድ ገመድ አልረገበም። ባለቤቴ ከማብሰያው ጎጆ ደጅ ቆማ ታየኝ ነበር። አድንቃ ነው ብዬ ኮራሁ። ከዚያ ገብታ ብዙ ባቄላ ስትዘፈዝፍ ሰማኋት። ለሁለት ፈረንጅ ይህ ሁሉ ባቄላ? አልኩና ረሳሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ጋቢዬን ተከናንቤ ምሰሶው ሥር ተቀምጫለሁ። ከማዶው መንደር ዋይታ ተሰማ። ከወንዙ ወዲያ ሰዎች ይወርዳሉ፤ ወንዶቹ ጌሳ ደርበው፣ ያ ሣር የሚመስለውን የዝናብ ልብስ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መሶብ ተሸክመው። የድሮው ሥራዬ መጣብኝ። ምስኪኖች፣ ለቅሶ አለባቸው አልኩ። ድንኳኑ የት ይሆን ብዬ ቆሜ ግራ ቀኝ ፈለግሁ።

ውስጡ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በፍልሰታ ሠርግ የለም። በፍልሰታ አፉን ወደ መንገድ አድርጎ የተተከለ ድንኳን፣ ምሰሶው ሥር ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ፣ ምን ሊሆን ይችላል? የደጋ ሰው ደግሞ ድንኳን እያየ ማነው የሞተው ብሎ መልእክተኛ አይልክም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል፤ ስሙን ከደረሰ በኋላ ይጠይቃል።

ጭቃ እስከ ጉልበታቸው፣ ጾም እንደያዙ፣ የሞላ ወንዝ ተሻግረው ደረሱ። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ትከሻዬን ያዙኝ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ ወንድሜ! ማንን አጡ?"

እስቲ ምን ልበላቸው? "ይሄ የመዝናኛ ነው፣ ፈረንጅ ቁርስ ይበላበታል" ልበል? አፌን ከፍቼ "ኧረ ማንም..." ብዬ ጀመርኩ።

ባለቤቴ ጭልፋ እንደያዘች መጣች። አልተጣደፈችም፣ እንግዳ እንደምትጠብቅ ሰው ነው አመጣጧ። ሰዎቹን አየች፣ እኔን አየች። ጭልፋውን አግዳሚው ላይ አኖረችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

"ወንድሙ ነው" አለች። "ታናሹ። ድንኳን ሳይተከልለት፣ ሳይለቀስለት ነው የቀረ።"

ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት ወጥተው ፊቴ ቆሙ። አልቃሽ መሆናቸውን አቋቋማቸው ይናገራል።

"ምን ዓይነት ሰው ነበር?" አሉኝ። "ንገሩኝ እንጂ፣ የማላውቀውን ሰው በምን ላልቅስ?"

"ጋሪ ነጂ ነበር" አልኩ። "ገልቱ። ፈረሱን አንድ ቀን ገርፎ አያውቅም፤ ስለዚህ የትም በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። ዘግይቶ ይመጣና 'አያ፣ ፈረሱ ደክሞት ነው' ይለኛል።"

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ተወዛወዙ። ከዚያ አወረዱት፦

"ፈረሱን አይመታ፣ አለንጋው ተሰቅሎ፣
ለቅሶውም ዘገየ፣ እሱኑ ተከትሎ።"

ሕዝቡ ተቀበለ። እኔ እጄን ምሰሶው ላይ አደረግሁ። ሃያ ዓመት ምሰሶ ሳቆም ኖሬ ምሰሶው ሸራውን ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ ባለቤቴን ጠይቋት፤ አፍንጫዬን በምን እንደጠረግሁ ሳይቀር ታስታውሳለች።

ፈረንጆቹም ቢጫ የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው ከድንኳናቸው ወጡ። ሴትዮዋ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። ሰውዬው ቆቡን አወለቀ፤ ዝናቡ ነጩ ጸጉሩ ላይ ወረደ። ለሽርሽር መጥቶ ለቅሶ ደረሰ፤ ከብዙ ዘመዶቼ ይሻላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሙ ተፈታ፣ ንፍሮው ወጣ፤ የመንደሩም፣ የኛም። ያ ሁሉ ባቄላ ለማን እንደተዘፈዘፈ ያን ጊዜ ገባኝ። ፈረንጁ ሦስቴ አስጨመረ።

የእህቷ ልጅ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ሰው ሁሉ ተነሥቶ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይለዋል። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እኔ የሞትኩ መስሎታል። በሕይወት ሲያገኘኝ የተሰማውን ደስታ ግን እስከዛሬ እንደሸሸገው ነው። ነገሩ ከተነገረው በኋላ ከእንግዶቹ ጋር አወራና ወደኛ መጣ።

"ጋሼ፣ በጣም ወደውታል። እውነተኛ ባህል አየን ነው የሚሉት። በየቅዳሜው ብናደርገውስ?"

"እናደርጋለን" አልኩት። "የሚሞተውን አንተ አምጣ።"

"ከሱ ብንጀምርስ?" አለች ባለቤቴ፣ ልጁን እያየች።

ድንኳኑ ሦስት ቀን እንደቆመ ቆየ፤ በዚህ አልደራደርም አልኩ። ፈረንጆቹ ሦስቱንም ቀን ቁርሳቸውን ውጭ፣ ዣንጥላ ይዘው በሉ፣ "በጣም ቆንጆ ነው" እያሉ። በአራተኛው ቀን ነቅዬ አፉን ወደ ገደሉ አዙሬ መልሼ ተከልኩት። የማዶው ሰዎች ግን መምጣት አላቆሙም። ድንች ያመጣሉ፣ ጉልበቴን ይጠይቃሉ። አልቃሿ ሴትዮ በባለቤቴ ሹሮ ላይ ያላቸውን አስተያየት ሳይቀር ሰጥተዋል፤ የኔን አሳብ ስለደገፉልኝ ወዳጄ ናቸው።

በዚያው ሰሞን ሁለታችን እንደገና ወደ ጅብራው ወጣን። ያ ኩሩ ሰውዬ እዚያው ቆመዋል። ባርኔጣዬን አነሣሁላቸውና ሳቅሁ። እሷ ከፊቴ እየሄደች ነበር፤ ዘወር አለች።

"ስትተክለው አይቼሃለሁ" አለችኝ። "አፉን ወደ መንገድ ስታደርግ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ስንት ዓመት ለሰው ተከልክ። አንዱን ለራስህ ትከል ብዬ።"

ቤታችን ስንመለስ ወንበሬን አዞርኩት፤ አሁን ጀርባዬ ነው ወደ ግድግዳው። አንዳንድ ሰው ከዚያ ነገር እንዴት ወጣህ፣ ማን ረዳህ ይለኛል። ሐኪም እንዳልል ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። ጠበሉንም እንዳላሳጣው ዝም ብል ይሻላል። የረዳችኝ ጭልፋ ይዛ የመጣችው ባለቤቴ ናት። በእሷ ምክንያት ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን ስላስለቀሰችኝ ግን አመሰግናታለሁ።