በባናው ማዶ የዋለች እጄ

በሸዋ ምድር ከሰላ ድንጋይ እስከ አንኮበር ብትዞር፣ የሚስቱን የሰርግ ቀሚስ በገዛ እጁ የጠለፈ ሙሽራ ከእኔ በቀር አታገኝም። ዛሬ ጠዋት ልጄ ለራሷ ሰርግ ልትለካው ቀሚሱን ከሳጥን ስታወጣው የአደስና የአሮጌ ጥጥ ሽታው ቤቱን ሞላው። የደረቱን ጥልፍ በጣቷ እየተከተለች «አባባ፣ ማን ነው የሠራው?» አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ «እኔ ነኛ» አልኳት።

ላንተ ግን አልዋሽም፤ ትንሽ ጨምሬበታለሁ። እጄ ከሥራው አንድ ቀን እንኳ አልተለየችም፤ ይህን የሚክድ የለም። መርፌውን የያዘችው ግን የሌላ ሰው እጅ ነበረች። ሁለቱን እጆች ያገናኛቸው ደግሞ ሰንሰለት ነበር።

የኛ ጌታና የጎጃሙ ጌታ የተዋጉ ጊዜ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ያንኮበር ጎረምሳ ነበርኩ። በዚያ ዘመቻ የጣልኩትን ጠላት ብቆጥርልህ ይመሽብናል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጦርነቱ ያለቀው እኔ የጌታዬን በቅሎዎች ስጠብቅ ነው። ስንመለስ ጌታዬ ከምርኮኞቹ አንዱን አመጣና ቀኝ እጁን ከኔ ግራ እጅ ጋር በብረት አቆራኘን። ያን ጊዜ ደንቡ እንዲህ ነበር፤ ምርኮኛና ጠባቂው ቁራኛ ሆነው አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ሜዳም አብረው ይወጣሉ። የኔው ቁራኛ ረጅም፣ ዝምተኛ ጎጃሜ ነበር፤ አሥር ዓመት ቢበልጠኝ ነው። ሲዘምት ወታደር፣ አገሩ ሲገባ ጥልፍ ጠላፊ።

ይህን ማን ሰማች? የእጮኛዬ እናት። ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጧል። የልጇን የሰርግ ቀሚስ ጎጃሜው እንዲጠልፍላት ጌታዬን ሄዳ ለመነችው፤ ፈቀደላት። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እጮኛሞች ከሰርጋቸው በፊት መተያየት ነውር ነው። ልጅቷ ደግሞ ቀሚሱን መለካት፣ የክሩን ቀለም መምረጥ አለባት። ጎጃሜውን ያለ እኔ መውሰድ አይቻልም፤ ብረቱን የሚፈታው ቀጥቃጭ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ግን ብልህ ናት። ደጃፏ ላይ በሁለት ምሰሶዎች መካከል አንድ ወፍራም የበግ ጠጉር የመንዝ ባና ሰቀለች። ጎጃሜው ከማዶ፣ ከእናትና ከልጅ ጋር፤ እኔ ከወዲህ፣ ከዶሮዎቹ ጋር። በባናው ቅዳድ አልፋ ወደዚያ የምትገባው ግራ እጄ ብቻ ነበረች።

ወዳጄ፣ ቅናት አውቃለሁ የሚልህን ሰው ከባና ጀርባ ተቀምጠህ ታውቃለህ ወይ ብለህ ጠይቀው። የበግ ጠረኑ አፍንጫዬ ውስጥ ነው፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ አንገቴ ውስጥ ይገባል፤ ከማዶ የእሷ ሳቅ ይመጣል። ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሰው የሚስቱን ሳቅ መጀመሪያ የሚሰማው ሌላ ወንድ ሲያስቃት ነው?

«አያ ጎጃሜ፣ ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«የዓባይ ዳር አበባ ናት፣ እታለም።»

«ውሸትህን ነው። የበቅሎ ኮቴ ነው የምትመስለው።»

«እንግዲያው በቅሎዋ ረግጣት አልፋ ይሆናል።»

ትስቃለች። ከኔ ጋር ወር ሙሉ ሲውል አሥር ቃል ያልተነፈሰ ሰው፣ ከባናው ማዶ ሲደርስ ምላሱ ይፈታል። እናትየው «እጅህ ይባረክ» ትለዋለች። የኔም እጅ እዚያው አጠገቡ ናት፤ የባረካት የለም።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ስትስቅ ሰንሰለቱን ሳብ አደረግሁት። መርፌዋ ሳተች። ጎጃሜው መጥለፉን ቀጠለ። እንደገና ሳቀች፤ እንደገና ሳብኩ። ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ናት፣ በዚያ ሳምንት መቶ ጊዜ ስቤያለሁ። እሺ፣ አሥር ጊዜ። በመጨረሻው ላይ አንዲት ትንሽ መዳፍ ከማዶ መጥታ እጄን ጧ አደረገቻትና «አርፈህ ተቀመጥ» አለች በሹክሹክታ። ከሚስቴ ያገኘሁት የመጀመሪያ ንክኪ ይኸው ነው። እጄን ሦስት ቀን አላጠብኳትም።

በማግስቱ እናትየው ጥልፉን ወደ ብርሃን አውጥታ አየችው።

«ምን ሆነህ ነው? ይሄ ሁሉ ጠማማ ምንድን ነው? ልጄን መሳቂያ ልታደርጋት ነው?»

ጆሮዬን ባናው ላይ ለጠፍኩ። ይሄ ሸዌ እየሳበኝ ነው ቢላት ሰርጌ ያኔውኑ አበቃ። የልጇን ቀሚስ የሚያበላሽ አማች ማን ይፈልጋል?

«በኛ አገር እንዲህ ነው፣ እሜቴ» አለ ጎጃሜው ሳይቸኩል። «ለሰርግ ልብስ አሥር አበባ እናጣምማለን። ሁሉ ነገሩ የቀና እንደሆነ ዓይን ይበላዋል።»

አመነችው። እንዲያውም ጎረቤቶቿን ጠርታ የጎጃም ጥልፍ እያለች አሳየቻቸው።

ወደ ማደሪያችን ዳገቱን ስንወጣ አላስችል አለኝ። «ለምን አልተናገርክብኝም?» አልኩት።

«ሁለት ጌቶች ተጣሉ፤ እኔና አንተ ታሰርን» አለኝ። «አሁን ደግሞ እኔና አንተ ተጣልተን ማንን ልናሳስር ነው?» ዳገቱን ጥቂት እንደወጣን ያቺን የዓባይ ዳር አበባ መጀመሪያ የጠለፋት ለሚስቱ እንደሆነ ነገረኝ። ሚስት እንዳለው ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያላየኋት ሴትዮ ላይ ቀናሁባት። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ጌቶቹ ታረቁ ተባለና ምርኮኛ ሁሉ አገሩ ይግባ የሚል ትእዛዝ መጣ። ጎጃሜው የእጅጌውን ጠርዝ ሳልጨርስ አልሄድም ስላለ ቀጥቃጩ እዚያው ደጃፍ ድረስ መጣ። ብረቱ የተፈታው ከባናው ማዶ ነው፤ እኔ የሰማሁት የመዶሻውን ድምፅ ብቻ ነበር። ግራ እጄ በድንገት ቀለለች።

«ሸዌው፣ ደህና ሁን» አለኝ ከማዶ። «እጅህን ሰብስባት።»

የእግሩ ኮቴ እየራቀ ሄደ። ወዲያው እሷ ስታለቅስ ሰማኋት። እጄ እዚያው ተዘርግታ እንደቀረች፣ የእጮኛዬን ልቅሶ አዳመጥኩ።

በዚያ ቀሚስ ዳሩኝ። በዚያ ልቅሶ ደግሞ ሃያ ዓመት ቀናሁ። ወጥ ስታማስል ዝም ካለች ዓባይን እያሰበች ነው እላለሁ፤ አበባ ካነሳች እጣላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። ለማን እንዳለቀሰች የጠየቅኋት አምና ነው፣ ከአልጋ መነሣት ካቃታት በኋላ። እጄን ይዛ ነበር፤ ግራውን።

«ላንተ ነዋ፣ ሞኙ» አለችኝ። «ባናው ድምፅ አይጋርድም። አንተ እንደዚያ ስትሆን እየሰማሁ እንዴት ልቻል?»

በስምንተኛው ቀን አረፈች።

ልጄ አሁን እጓዳ ሆና ቀሚሱን ትለካለች፤ ጠማማዎቹን አበቦች ስትቆጥር ይሰማኛል። ከቆጠረች አይቀር እኔም ወሬዬን ልጨርሰው። ብረቱ የተፈታ ቀን መጀመሪያ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ፤ ያውም ድምፄን አውጥቼ። ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀምጦ «ለመሆኑ የታሰረው የትኛው ነበር?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ነው ያለቀስኩት። ያለቀስኩትም ለጎጃሜው ነው።