«ማሊክ» ያልኳት ንግሥት

በዐረብ አገር፣ አቡ ሐሊፋ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሐሪስ ነበርኩ፤ ጥበቃ ማለት ነው። ከስፖርት አዳራሹ ጀርባ የተማሪዎች የንብ ክበብ አራት ቀፎዎች ነበሩት። ክበቡን የምትመራው የሳይንስ መምህርት ነበረች። እዚያ ሴት አስተማሪ «አብላ» ነው የምትባለው፤ እኔም እንደዚያው እጠራታለሁ። ለእረፍት አገሯ እንደሄደች ኮሮና መጣና በረራ ተቋረጠ። ቀፎዎቹ በእኔ እጅ ቀሩ።

አባቴ ማር ሲቆርጥ ካየሁት ውጪ የማውቀው አልነበረም፤ የቀረውን ከስልኬ ተማርኩ። በሐምሌ ሙቀት በቀን አራት ጊዜ ጆንያ እያራስኩ ቀፎዎቹን አለብስ ነበር። ፋርዋኒያ የሚባል ሰፈር የሚኖር ሾፌር ጓደኛዬ ይደውልና፣ «ሰው ትንፋሽ ፈርቶ ቤቱ ተቀምጧል፤ አንተ ተናዳፊ ፍለጋ ክዳን ትከፍታለህ!» ይለኛል።

አብላ ከአገሯ ሆና በስክሪን ታስተምራለች፤ እኔ ስልኩን የማር እንጀራው በተሠራበት የእንጨት ክፈፍ፣ በፍሬሙ ላይ እይዛለሁ። ከእኔ የሚታየው ጓንቴ ብቻ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሹክራን፣ አብላ!» ብለው አመስግነዋት ይወጣሉ። ይህ ቃል በየሳምንቱ ያንገበግበኝ ነበር።

በተከታዩ መጋቢት፣ አብላ ለመለያ ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ ነጥብ የቀባቻት የሦስተኛው ቀፎ ንግሥት ሞታ አገኘኋት። ከጎረቤት ቀፎ እንቁላል ያለበት ፍሬም አዛውሬ ለንቦቹ ሰጠኋቸው፤ ከእንቁላሉ ሌላ ንግሥት አሳደጉ። ይህን በትምህርቱ ሰዓት ለመናገር አንድ ሳምንት ተለማመድኩ። በእኛ አገር ግን ንግሥቲቱ አውራ ነው የምትባለው፣ በወንድ ነው የምንጠራት። እናም በተሰባበረ ዐረብኛዬ «ማሊክ ሞቷል፤ አዲስ ማሊክ አለ» አልኩ። ንጉሡ ማለቴ ነበር።

«ዓሞ፣ ዘውድ አለው?» አለኝ አንዱ ተማሪ፤ ዓሞ አጎቴ ማለት ነው። ሳቁ ስልኩን አንቀጠቀጠው።

«ንብ ንጉሥ የለውም፤ ማሊካ፣ ንግሥት ናት» አለች አብላ። «የሞተው ወንዱ ንብ፣ ድንጉላው መሆን አለበት። ድንጉላ ይሞታል፣ ችግር የለውም።» ትምህርቱም ስለ ድንጉላ ሆነ። እኔ ዳግመኛ አፌን አልከፈትኩም።

በመስከረም መጨረሻ ተመለሰች። ጭምብል ያደረጉት ልጆች ከበቧት። እኔ ማጨሻውን ይዤ ከኋላ ቆምኩ። ሦስተኛውን ቀፎ ከፍታ አረንጓዴውን ነጥብ ፈለገች፤ የለም። ሙቀቱ ገና ስላልበረደ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል አቁማ ነበር፤ ስለዚህ እንቁላልም አላየችም። «ይህ ቀፎ ማሊካ የለውም፤ እንገዛለን» አለች። የእኔዋ አራተኛው ፍሬም ጠርዝ ላይ ነበረች፤ ቀጭን፣ ጠቆር ያለች። አየኋት። ዝም አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ በልጆቹ ፊት ትሳሳት ብዬ ነው።

በሳምንቱ የተገዛችው ንግሥት በትንሽ ሣጥን መጣች። አብላ ሣጥኑን ለአንዲት ተማሪ ሰጠቻትና፣ «ቀስ ብለሽ፣ መሀል ላይ» አለቻት። አንድ ቀፎ ሁለት ንግሥት አያኖርም፤ ከገባች ከሁለቱ አንዷ መሞቷ ነው። የእኔዋም ልትሆን ትችላለች።

«አብላ፣ ቆይ! ማሊካ አለች» አልኩ።

ልጆቹ ዞሩ። ፍሬሞቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ፈልጌ አገኘኋትና በጣቴ አሳየኋቸው። ጮኹ። አብላ ጎንበስ ብላ አየቻትና ወደ ልጆቹ ዞረች፤ «አያችሁ? ንቦች ንግሥት ስትሞትባቸው ራሳቸው ሌላ ያሳድጋሉ።»

ራሳቸው! ያቺ ያዛወርኳት ፍሬም የት ሄደች?

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ።

«ነግሬሽ ነበር። በመጋቢት፤ ማሊክ ብዬ።»

ጆሮዋ ቀላ። ከዚያ የቀፎ መክፈቻ ብረቷን ሰጠችኝና፣ «ቀጣዩን አንተ ክፈት፤ አንተ አስረዳቸው» አለች።

ሁለት ዓመት ገደማ የተመኘሁት ይህንን ነበር። ክዳኑን አነሳሁ፣ ፍሬም አወጣሁ፣ የማውቀውን ሁሉ በዚያው በተሰባበረ ዐረብኛዬ በቅደም ተከተል ተናገርኩ። ልጆቹ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ምን እንዳልኩ ለማወቅ ወደ እሷ ይዞሩ ነበር።