ካገቡት ነህ ካላገቡት?

ገና በመምታት ከእኔ ወዲያ ላሣር ነበር። ጉራ አይደለም፤ ጎንደር ያደግሁበት ሰፈር ሰዎች ዛሬም ቢጠየቁ ይመሰክራሉ። በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ መምቻው ዱላም ስማቸው አንድ ነው፤ ገና። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላ ቆርጬ፣ እሳት አሳይቼ፣ ቅቤ አጠጥቼ አዘጋጃለሁ። ያቺን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ኳስ፣ ጥንጓን፣ አንዴ ካገኘኋት የሌላውን ወገን ድንበር ሳላሳልፋት አልመለስም። ምላሴም እንደ እጄ ፈጣን ነበረች። ሰው ካላሳቅሁ የዋልሁ አይመስለኝም፤ ጣጣውን ያመጣችብኝም እሷው ናት።

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆንሁ። ኮት አሰፋሁ፣ ከአናጢ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ገዛሁ፣ ከወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ የአንድ ገበሬ ልጅ አገባሁ። ሸጋ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ ብትመስልም የያዘችውን የማትለቅ። በተጋባን በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ገብስና ማር በአህያ ጭነው ሊጠይቁን መጡ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ቤቴ ተሰብስበው ነበር። አማቴን ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ስላልለመዱት ጫፉ ላይ ሆነው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ሆዬ፣ ሳቅ ፍለጋ፣ የወገራ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ኮርቻ ይመስለዋል፣ አሁን ልጓሙን ነው የሚፈልጉት አልሁ። ጓደኞቼ ተንከተከቱ። አማቴ ጠላቸውን ጨለጡ፣ እግዜር ይስጥልኝ አሉ፣ አህያቸውን እየነዱ ሄዱ።

ሚስቴ ያን ማታ አራቱንም ወንበር ግድግዳ ሥር ደርድራ ተኛች። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ተጠርጓል፣ ወጡ ተከድኗል፣ ቦርሳዋ የለም። ወደ ሰሜን በምትወጣ የጭነት ማኪና ተሳፍራ አባቷ ቤት ገብታ ነበር።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። አማቴ፣ ልጄ አፍ አላት፣ እሷኑ ጠይቋት ብለው መለሱ። እሷ ደግሞ፣ ያን ወንበሩን ያግባ አለች። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ራሳቸው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር። እኔም መጀመሪያ ትቅር ብዬ ፎከርሁ። ሳምንት አልቆየሁበትም። እውነቱን ልናገር፣ ናፈቀችኝ። ማታ ማታ ባዶ ቤት ገብቼ ደረቅ እንጀራ እቆረጥማለሁ። ስለዚህ ለገና ራሴው ወጣሁ፤ ይዣት ልመለስ፣ አለዚያም ቁርጤን ላውቅ።

የወገራን ብርድ የማያውቅ ብርድ አውቃለሁ አይበል። የገና ዕለት ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ልጆች በመዳፋቸው እየፋቁ ይልሱታል፤ የሚስቴ እናት ደግሞ ጉሮሯችሁን ትታመማላችሁ እያሉ በጭራሮ ያባርሯቸዋል። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ቤተ ሰቡ በሙሉ ወደ ሜዳው ወጣ። በዚያ ቤት በገና ቀን ቤት መዋል ነውር ነው። ባልቴቶቹ በጋቢ ተጠቅልለው ጥጉ ላይ ተደረደሩ፤ ድፎው ተቆረሰ፣ ጠላው በገንቦ መጣ፣ እጅ ማሞቂያ እሳት ነደደ። እንዴት ያለ ቀን ነው! ጭንቀት ባይኖርብኝ ኖሮ ከዚያ ሜዳ ሌላ አገር አልመኝም ነበር። ጠላ የምትቀዳው ሚስቴ ናት። ለሁሉ ቀድታ እኔ ዘንድ ስትደርስ ገንቦውን ለእናቷ አቀበለችና ሄደች።

ልማዳቸው ያገቡት በአንድ ወገን፣ ያላገቡት በሌላው ወገን ሆነው መጫወት ነው። ያገቡትን የሚመሩት አማቴ ናቸው፤ ጠጉራቸው ይሸብት እንጂ ትከሻቸው የበሬ ነው። እኔ ኮቴን አውልቄ ወደ እሳቸው ወገን ስራመድ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ገናውን አግድሞ አቆመኝ።

“አማች፣ ወዴት ነው? ካገቡት ነህ ካላገቡት?”

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ወደ ሚስቴ ዞር አልሁ፤ አቀርቅራ እሳት ትቆሰቁሳለች። አማቴ ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ ለጊዜው ካላገቡት ጋር ይሰለፍ ብለው ፈረዱ። ያገባሁ ሰውዬ ጢም ካላበቀሉ ጎረምሶች ጋር ተሰለፍሁ። ደሜ ፈላ። ግን በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ የሚከፋው ቤቱ ይቀመጥ። ጥርሴን ነክሼ ቆምሁ።

ጥንጓ ስትወረወር ብርዱም ንዴቱም ጠፋ። የዱላው ቋቋታ፣ የልጆቹ ጩኸት፣ የባልቴቶቹ እርግማን አንድ ላይ ሆነ። ጎረምሶቹ እንደ ፍየል ይዘላሉ እንጂ ጥበብ የላቸውም፤ ጥንጓን ከመሐል አውጥቼ የማቀብላቸው እኔ ነበርሁ። እንዲህ ስንል ከአማቴ ጋር ፊት ለፊት ገጠምን። ጥንጓ እግራቸው ሥር ነበረች፤ መንጠቅ እችል ነበር። ነገር ግን ልታረቅ መጥቼ አማቴን ላዋርድ? ብዬ ገናዬን ሰበሰብሁና መንገድ ለቀቅሁላቸው። አሳለፏት። ያገቡት ሆ አሉ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተገናኘን፤ አሁንማ አውቄ ተደናቀፍሁላቸው፤ ሁለተኛም አሳለፏት። ልቤ እንዴት ያለ ጨዋ አማች ነኝ ይለኛል።

አማቴ ጨዋታውን አስቆሙ። ገናቸውን ተደግፈው መጡ። ከግንባራቸው ላብ በዚያ ብርድ ይተናል።

“አየሁህ” አሉኝ በዝግታ። “ቤትህ በአፍህ ናቅኸኝ። እዚህ ደግሞ በገናህ ናቅኸኝ። ማዘን ካማረህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሂድና መጽውት። እኔ ልጄን የሰጠሁት ለወንድ ነው።”

አፈርሁ። ያ አክብሮት ያልሁት ያው የኅዳሩ ቀልድ ነበር፤ ሽማግሌውን ከእኔ አሳንሶ ማየት። ከወር በላይ ያልገባኝ ነገር ያኔ ገባኝ። ይቅርታ ለማለት አፌ አልታዘዝ ብሎኝ፣ አንቱ እንዳሉ ይሁን ብቻ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ሱሪዬንም አጠፍሁ።

ከዚያ በኋላ ማንም ለማንም አላዘነም። ታላቅ ወንድሟ ቅልጥሜን አንዴ ቢያቀምሰኝ ዓይኔ ተጭበረበረ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። እኔም ጥንጓን ከጉያው ነጥቄ ብድሬን መለስሁ። እኔ አንዴ፣ ጎረምሶቹ አንዴ አሳልፈናት ሁለት ለሁለት ሆንን። በመጨረሻ እኔና አማቴ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፋን ወደ አንዲት ጥንግ ሮጥን። ቀድሜ ቆልመም አድርጌ ስጎትታት እግራቸው ከዳቸው፤ አመዳዩ ቀልጦ በረጠበው መሬት ላይ በጀርባቸው ተዘረሩ። ጥንጓ ድንበሩን አለፈች።

ባልቴቶቹ ከጥጋቸው ብድግ አሉ። የአማቴ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን እንደያዙ ወደ እኔ መጡ። የሚስቴ እናት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። አማቴ ሰማይ ሰማይ እያዩ ትንሽ ተጋደሙ፤ ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው።

“ምነው ቆመህ ታየኛለህ? አንሣኝ እንጂ” አሉ።

አነሣኋቸው። እጄን ቶሎ አልለቀቁትም።

እዚያ አገር ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። የፈለገውን ይበል፣ ማንም ቂም አይዝም። ጎረምሶቹ ወደ መሐል ገፉኝ፤ የከተማው ሰው ይስደብልን አሉ። አማቴ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ቆመው ይጠብቃሉ። ሚስቴ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ስድብ አላጣሁም፤ የታላቅ ወንድሟ አፍንጫ ብቻውን ለዐሥር ስንኝ ይበቃል። እሷ ግን አፌን ነው የምታየው። ምን እንደምትጠብቅ አውቄያለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና አወረድሁት፦

ወንበር አለኝ ብሎ ባማቱ የሳቀ፣
ሚስቱ የሄደች ’ለት ከወንበር ወደቀ።

ጎረምሶቹ ግራ ገባቸው፤ የሚሰደቡት ያገቡት መስሏቸው ነበርና። ቀድመው የተቀበሉኝ አማቴ ናቸው። እያጨበጨቡ ሁለቴ ደገሙት። ከዚያ ሁሉም ያዘው፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ሆታው በረድ ሲል አማቴ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ሰማሽ? አሏት። ገንቦዋን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሜዳውን አቋርጣ ፊቴ ቆመች።

“ሜዳ ላይማ ሁሉም ሸጋ ነው” አለችኝ። “ያን ጊዜ የሳቁት ጓደኞችህ ግን እዚህ የሉም። ይህን ግጥም እነሱ ፊት የምትለው ከሆነ ነገ አብሬህ እሳፈራለሁ።”

ምላሽ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥሁትና እሺ አልሁ።

የጥምቀት ማግሥት እነዚያኑ ጓደኞቼን ቤቴ ጠራሁ። አማቴም ወርደው ነበር። ጠላው አንድ ዙር እንደዞረ ተነሥቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ግጥሜን አንድም ቃል ሳላስቀር አልሁት። ጓደኞቼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ፤ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ሚስቴ ናት።