የመሪጌታው ልጅ ቀለበት

ሰኞ፦ የፋብሪካችንን ዘጠኝ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቦርዶች የሚያገናኘውን የኔትወርክ ዝርጋታ እንዳጠና ታዘዝሁ።

ረቡዕ፦ ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የተማርሁትን ሁሉ አሟጥጬ፣ ገመዱ ዞሮ የሚገጥምበት የቀለበት ዝርጋታ እንደሚሻል በአሥራ አራት ገጽ አቀረብሁ።

ዛሬ ዓርብ፦ ሥራ አስኪያጃችን በስብሰባ ላይ «ገመዱ ቢበጠስስ?» ብለው ጠየቁኝ።

የጥናቴን ሠንጠረዥ እስክገልጥ የመሪጌታ ልጅ የሆነው ባልደረባዬ ቀደመኝ። «ጋሼ፣ እንደ ማኅሌት ነው። የግራው ወገን ዜማውን ቢያቋርጥ የቀኙ ይቀበላል።»

«ምነው አንተስ እንዲህ ብትለኝ?» አሉኝ እየሳቁ። ንድፉም ወዲያው ጸደቀ፤ ከሻይ ሰዓት ጀምሮ ሁሉም «የመሪጌታው ልጅ ቀለበት» ይለዋል።

ምሳሌው ላይ የቴክኒክ ስሕተት ፈልጌ አጣሁ።

እናንተስ የደከማችሁበትን ሐሳብ ሌላው በአንድ ምሳሌ ሲወስድባችሁ ምን አደረጋችሁ? እኔ «እንኳን ደስ ያለህ» አላልሁትም።