የአባቱን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ

ነፍስ አባቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሌላስ ልጄ?» እያሉ ጠይቀውኛል። ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፣ ሐሜቴን ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ለእሳቸውም፣ ለእናቴም፣ ለማንም አልተነፈስኩም። አሁን ለእናንተ ልናገር። እኔ ሰው አስገድያለሁ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ደብረ ታቦር ገበያው ዳር፣ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር የማልችል ዓይን አፋር ነበርኩ። ያለችን አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ናት፤ ጀርባዋ እንደ ሣጥን የወጣ። በእሷ ላይ ፎቶ መቁረጥና መቀጠል ራሴን አስተማርኩ። የሰውን ምስል ነጥዬ ፏፏቴ ፊት አቆመዋለሁ፣ ዙሪያውን አበባ አደርግበታለሁ፣ ስሙን በቢጫ ፊደል እጽፍለታለሁ። ኮምፒውተር ያለው ሰው ይወስድና ሲከፍት መጀመሪያ የሚታየው ያ ይሆናል። ባክግራውንድ እንለዋለን። ያማረ ሲወጣልኝ ጋሽ ሰይድ «ወደ በሩ አዙሪው፣ ገበያተኛው ይየው» ይሉኝ ነበር።

ይበልጣል የሚባል ወጣት ገሳይ ከምትባል ከአቅራቢያችን ከተማ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። «ምነው አፍሽን ለጎምሽው? ከኮምፒውተሯ ጋር ነው እንዴ የተጋባሽው?» አለኝ። ሳቅሁ። ወንድ ፊት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከተማ በመጣ ቁጥር ብቅ ይላል፣ ያሾፍብኛል፣ ይሄዳል። ወደድኩት። እሱ ምንም አላለኝም፤ ሁሉንም እኔው ለራሴ ፈጠርኩት።

አንድ ቀን የራሱንና የአንዲት ልጅ ፎቶ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«እጮኛዬ ናት። ጥሩወርቅ ትባላለች፣ የአንበሳሜ ከተማ ልጅ ናት፤ አሥረኛ ጨርሳለች። አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቼላታለሁ፣ ስንጋባ ገሳይ ላይ የጽሕፈት አገልግሎት እንከፍታለን። ሁለታችንን አንድ ላይ አድርጊና ባክግራውንድ ሥሪልን።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሜን ብቻ ጻፊ፣ የአባቴን እንዳትጽፊ፣ አደራ። ታላቅ ወንድሜ ሰው ገድሎ ጠፍቷል። ደመኞቻችን አሁን የሚፈልጉት እኔን ነው። አያቴ ዘንድ ስላደግኩ መልኬን አያውቁትም። የአባቴን ስም ግን ያውቁታል።»

እሺ፣ ለገበያ ቀን ስምንት ሰዓት ይደርሳል አልኩት።

የጥሩወርቅን ምስል ከአንገቷ ጀምሬ ቆረጥኩ። አንድ ጊዜ ጆሮዋን ቆርጬ ጣልኩት፤ ደስ አለኝ፤ መለስኩት። ጎን ለጎን ሳቆማቸው አማሩ። ባያምሩ ምን ነበረበት? አማሩና አንጀቴን አቃጠሉኝ። ያን ጊዜ ነው መታወቂያው ላይ ያነበብኩትን የአባቱን ስም ጨምሬ በቢጫ ፊደል የጻፍኩት፤ «ይበልጣል ዋሴ»። ረስቼ ነው? አልረሳሁም። ተሳስቼ ነው? ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ነው የጻፍኩት። በገበያ ቀን ስክሪኑን ወደ በሩ ያዞርኩትም እኔ ነኝ።

ጋሽ ሰይድ ገበያ ወጥተው ነበር። ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው እንደ ተማሪ እየቆጠረ አነበበ፤ የአባቱ ስም ላይ ሲደርስ ወደ ጓደኛው ዞረ።

«እህቴ፣ ይኸ የገሳዩ የዋሴ ልጅ ነው?»

«አዎ።»

«መቼ ነው የሚመጣ?»

«ስምንት ሰዓት።»

ለጎረቤት ሰላምታ መስጠት የሚያቅተኝ ልጅ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች ጥርት አድርጌ መለስኩ። ያስፈራሩታል፣ ሰርጉ ይቀራል ብዬ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አባበልኩ። ደመኛ ያስፈራራል እንዴ? እዚህ አገር ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ፣ ደመኛ የሚያደርገውን አላውቅም ነበር?

ይበልጣል እየሳቀ ገባ። «ዝምተኛዋ፣ ደረሰልኝ?» አለ። ስክሪኑን አየ። ስሙን አነበበ። ወደ እኔ ዞረ። ከኋላው የገቡት ሰዎች ዱላ ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ እኔን እያየ ነበር። በጉልበቱ ወደቀ፤ ጠረጴዛውን ሲይዝ በጩቤ ወጉት፣ ደገሙት። ደሙ ኪቦርዱን ሞላው። አልጮህኩም። ገዳዮቹ ሲወጡ እሱ ገና ይተነፍስ ነበር፤ እኔ ግን ቀና አላደረግሁትም፣ ውኃ አላቀመስኩትም። መጀመሪያ ያደረግሁት ሥዕሉን ማጥፋት ነው። ጣቴ በደሙ እያዳለጠኝ አጠፋሁት። ሳጠፋ እሱም አለፈ።

ለፖሊስ «ምንም አላውቅም» አልኩ። ገዳዮቹ ተያዙ፤ «ደማችንን መለስን» ከማለት በቀር ማን እንደጠቆማቸው አልተናገሩም። ጣት የተቀሰረው ጥሩወርቅ ላይ ነው። ከገዳዮቹ አገር አክስት ነበረቻት፤ በቃ፣ ለወሬ ያ በቂ ሆነ። ቀብሩ ዕለት የይበልጣል እናት የጥሩወርቅን ነጠላ ቀደው «አንቺ ነሽ ልጄን ያስበላሽው!» አሏት። አጎቱ በዱላ ሲመታት እጇን አነሳች፤ ክንዷ ቀጭ ሲል ሰማሁ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አላወጣሁም። አብሬ አለቀስኩ።

ዘጠኝ ዓመት «ያስበላችው» እየተባለች ኖረች። ያገባት የለም፣ ለቅሶ የሚጠራት የለም።

ባለፈው ወር ገዳዮቹ ከእስር ወጡና ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አስታረቁ። ገዳዮቹ ድንጋይ ተሸክመው የይበልጣል እናት እግር ላይ ወደቁ። እኔም ከሕዝቡ ጋር ሄጄ አየሁ። እናትየው ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረዱ። አንድ ሽማግሌ «ያችንስ የአንበሳሜዋን?» ቢሏቸው «የገደለውን ማርኩ። ያስበላችውን አልምርም» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም ብል ማን ያዝንልኛል? እንዲታዘንልኝም አይደለም የምጽፈው። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ፍቅር ነው አልልም። በፍቅር የሚሞት አለ፤ እኔ አስገደልኩ። በእኔ ኃጢአት የሌላ ሴት ክንድ ሲሰበር ቆሜ አየሁ።

ቅዳሜ ገሳይ እሄዳለሁ። እናትየው ደጃፍ ቆሜ «ጥሩወርቅ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ አጎቱ ዱላውን ቢያነሳ እጄን አላነሳም።