የማይዘል ማጫወቻ

ማስታወቂያ የማያሳይ፣ ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ በራሱ ፈቃድ ከአንዱ ወደ ሌላው የማይዘል የመዝሙር ማጫወቻ ስፈልግ የዐቢይ ጾምን እኩሌታ ጨርሻለሁ። ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል። እኔ ግን የጨነቀኝ የአፕ ነገር አልነበረም፤ እማማን ከጎረቤቴ ደጃፍ ወደ እኔ ደጃፍ መመለስ ነበር።

እማማ የምላቸው አከራዬን ነው። ሥራ ከደብረ ማርቆስ አርባ ምንጭ ካመጣኝ ጀምሮ የምኖረው ሴቻ ሰፈር፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ዓይናቸው ደክሟል። ከቢሮ ስመለስ፣ ሙቀቱ በረድ ሲልና ከታች የጫሞ ሐይቅ መጥቆር ሲጀምር፣ ዱካቸውን ይዘው እኔ በር ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ታብሌቴን ጭኔ ላይ አድርጌ በገና አሰማቸዋለሁ። ታብሌቱን የላከልኝ ከእናቴ ጋር የሚኖረው ወንድሜ ነው። ሜሞሪው ላይ የአገሬ ደብር ቅዳሴ፣ የበገና መዝሙር፣ የጥምቀት ወረብ፣ ያልተጫነበት የለም። «አንቺ ባትኖሪ ይሄን ጾም በምን እገፋው ነበር ልጄ!» ይሉኝ ነበር። ከእናቷ ርቃ ለምትኖር ሴት ይህች ቃል እንጀራ ናት።

ጾሙ ሊገባ ሲል ከእኔ ቀጥላ ያለችውን ክፍል አንዲት ነርስ ተከራየች። የጨንቻ ልጅ ናት፤ ፕሮቴስታንት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዛ አገሯ ትወጣና እሁድ ፖም በፌስታል ይዛ ትወርዳለች። እኔ አገሬን የማየው በዓመት ፈቃድ ነው። እሷ ልብሷን ታጥቦ እንዲመጣላት ሁሉ ወደ እናቷ ትልካለች!

ነገሩ የተበላሸው በጾሙ መጀመሪያ ነው። በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከበሮ አይመታም፤ ጸናጽሉም ያርፋል። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እማማ ያውቃሉ፣ ታብሌቱ ግን አያውቅም። በገናው ሲያበቃ ዝም ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ዘሎ የጥምቀቱን ከበሮ ከነእልልታው ለቀቀው። ላጠፋ ስቸኩል ድምፁን ጨመርኩት።

እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ፋሲካ ሆነ እንዴ?»

ነርሷ በሯ ላይ ቆማ ነበር። «እህቴ፣ አንቺም ጀመርሽ? እኛን አይደል ጫጫታ የምትሉን?»

እማማ ሳቁ። የቆጨኝ ይህ ነው። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፍቼ፣ እሳቸው ከእሷ ጋር ሳቁ።

በማግስቱ ዱካቸውን ይዘው ሲመጡ በሬን አለፉት። ነርሷ ደጃፍ ተቀመጡ። ከስልኳ የአንዲት ሴት ድምፅ በጋሞኛ ይመጣል፤ ዜማም ይመስላል፣ ወሬም ይመስላል። ጋሞኛ አልሰማም፤ መዝሙራቸው ይሆናል አልኩ። እማማ ጭናቸውን እየመቱ ይስቃሉ፤ አንዳንዴ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። በየቀኑ እንዲያ ሆነ። ኪዳን የምናደርሰው አብረን፣ የምንጾመው አብረን፤ የሚስቁት ግን እዚያ ማዶ። ፖሙም የሚበላው እዚያ ነው። ለእኔ በሳህን ሲላክልኝ «አመሰግናለሁ» ብዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ሲጠወልግ አያለሁ።

ጥፋቱ የማጫወቻው ነው ብዬ ወሰንኩ። ያ ከበሮ ባይለቀቅ እማማ አይሄዱም ነበር።

የመጀመሪያውን አፕ አጠፋሁት። ሁለተኛው መልኩ ያምራል፤ ገና ሲከፈት ግን የስልክ ቁጥሮቼንና ያለሁበትን ቦታ ካላሳየሽኝ አለ። ለመዝሙር ማጫወቻ የዘመዶቼ ቁጥር ምን ይሠራለታል? እምቢ አልኩት፤ እሱም እምቢ አለኝ። ሌላው፣ ጸሎት አድርሼ ቀና ስል ማስታወቂያ ብሎ ራቁቷን ለመሆን ጥቂት የቀራት ሴት አወጣብኝ፤ አማትቤ አጠፋሁት። ከዚያ የመጣው ደግሞ ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም። የበገናውን አንደኛ፣ የቅዳሴውን አንደኛ፣ የወረቡን አንደኛ በአንድ መስመር ይደረድራቸዋል፤ ዘማሪዎቹን ሁሉ «ያልታወቀ» ይላቸዋል። የደብራችን መሪጌታ ይህን ቢያዩ!

በመጨረሻ ያገኘሁት ግራጫ ነው፤ ውበት የሚባል የለውም። ፎልደሩን እኔ እንዳስቀመጥኩት ያሳያል። ትናንት ካቆመበት ይጀምራል፤ ፎልደሩ ሲያልቅ ዝም ይላል። «የጾም» የሚል ፎልደር ከፍቼ በገናውን ብቻ ከተትኩ። ብቻዬን ስንት ጊዜ ሞከርኩት! አልዘለለም።

የደብረ ዘይት ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ እማማን ጠራኋቸው። ነርሷ ጨንቻ ነበረች፤ ቀኑን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። በገናው ተጫወተ፣ አበቃ፣ ዝም አለ። እማማ ታብሌቱን በእጃቸው ዳበሱት።

«ጨዋ ናት» አሉ። «ሲያልቅ ዝም ትላለች።»

ደስታዬን ልደብቅ አልቻልኩም። «ከእንግዲህ አይዘልም እማማ።»

«የዚያች ልጅ ስልክ እንዲህ አይደለም። እህቴን እየሰማሁ መሀል ላይ ዘሎ ዘፈን ውስጥ ይገባል። ፈልጋ እስክታመጣት ድረስ ልቤ ይጠፋል።»

«እህትዎን?»

ያኔ ነገሩኝ። ታላቅ እህታቸው ጨንቻ ናቸው፤ እግራቸው እምቢ ስላለ ከዚያ አይወርዱም። ነርሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ጎራ ትልና ጥጥ ሲፈትሉ አጠገባቸው ተቀምጣ ትቀዳቸዋለች። እየፈተሉ ያንጎራጉራሉ፣ መልእክትም ይልካሉ።

«ምን ብለው ይልካሉ?»

«ስድብ ነዋ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ቆላ ወርደሽ ሰነፍሽ፣ ጥጥሽን ማን ሊፈትልልሽ ነው ትለኛለች።»

ያን ሁሉ ጊዜ የተፎካከርኩት ከስልክ ጋር መስሎኝ ነበር። ለካ የተፎካከርኩት ከእህት ጋር ነው። ለእህት ደግሞ ምን አፕ ይወጣለታል?

«እስቲ እሷን አንቺ ጋ አስቀምጪልኝ» አሉ። «ያንቺዋ አትዘልም።»

እሁድ ማታ ነርሷ ድምፆቹን በብሉቱዝ ላከችልኝ። «እህቴ፣ አፑን ለእኔም ላኪልኝ እንጂ» አለች።

«ላንቺ አይሆንም። ዘፈንሽ ብዙ ነው።»

«ቀናሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። አፑን ላክሁላት።

አሁን የእማማ ዱካ እኔ ደጃፍ ነው። የነርሷም ወንበር አጠገቡ ነው። ታብሌቱ የእኔ ጭን ላይ ነው፣ የምነካውም እኔ ነኝ፤ የሚስቁት ግን ሁለቱ ናቸው።

«ምን አሉ?» እላለሁ።

«ተይው ልጄ፣ በአማርኛ አያስቅም።»

አንድ ማታ እነሱ ሲስቁ ሌላ ፎልደር ከፈትኩ፤ «እማዬ» አልኩት። ብፈልገው ማጫወቻው ላይ የለም። ለካ ባዶ ፎልደር አያሳይም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «እማዬን ቅዳልኝ።»

«ምን ስትል?»

«ያገኘኸውን። ስትሰድበኝም ይሁን።»

«ስልክ ስታይ እኮ አፏን ትዘጋለች፤ ታውቂያታለሽ።»

«እንዳታይህ አድርገህ ነዋ!»

እሺ ብሏል፤ እስካሁን ግን አልላከም። ማጫወቻውን በከፈትኩ ቁጥር የማገኘው የሰው እህት ነው።