ቃል የገባሁለት ሾፌር

ከአዳማ መነሣት

ቅዳሜ ማለዳ ከአዳማ መናኸሪያ ስንነሣ ናኦልና እኔ የያዝነው አንድ ቦርሳ ሙሉ መጠይቅ ነበር። ሁለታችንም የኢንሹራንስና የአደጋ ሥጋት አስተዳደር የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን። የመመረቂያ ጥናታችን የስምጥ ሸለቆ መስመር ሚኒባስ ሾፌሮች አደጋንና መድንን እንዴት እንደሚያዩ የሚመረምር ነው። አማካሪያችን ጥብቅ መምህርት ናቸው። "ዶርም ቁጭ ብላችሁ የሞላችሁትን መጠይቅ ገና ሳየው አውቀዋለሁ" ብለው ስላስጠነቀቁን መንገድ ወጣን።

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ አስፋልቱ በአይሱዙ ተጨናንቆ ነበር። መቂ ላይ የቲማቲም ሣጥኑ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ባቱ ላይ ሴቶች የተጠበሰ ዓሣ በመስኮት አቀረቡልንና አንዱን ለሁለት ገዛን። ሾፌራችን ግን የአህያ ጋሪዎችን እየቀደመ፣ ከፊት ለፊት ከሚመጣ መኪና ለጥቂት እያመለጠ ሲነዳ፣ ዓሣውን ለናኦል ሰጥቼ የፊቱን ወንበር ያዝኩ።

ቡልቡላ

ቡልቡላ ወርደን ተሳፋሪ የሚጠብቁ ሾፌሮችን ቀረብናቸው። ናኦል በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" ብሎ ሰላም ሲላቸው ፈገግ አሉ። ወረቀቱን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ከገቢዎች ናችሁ?" አለ አንዱ።

"ተማሪዎች ነን።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" ብሎ ፊቱን አዞረ። ሌላው ጥያቄዎቹን ሳያነብ በሙሉ "እስማማለሁ" ላይ ምልክት አድርጎ መለሰልን። ናኦል ተናደደ፤ እኔ ደግሞ ባዶ እጃችንን መመለሳችን ነው ብዬ ፈራሁ።

"ወረቀቱን እንተወውና ዝም ብለን እናውራቸው" አልኩት።

አርሲ ነገሌ

አርሲ ነገሌ የእህል ገበያው ደምቆ፣ ጆንያ የተሸከሙ ወዛደሮች "ዞር በሉ!" እያሉ ይጋፉን ነበር። ምሳ ልንበላ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባን። አጠገባችን እዚህ ጋሽ ከድር የምላቸው፣ ሽበት የጣለባቸው የሚኒባስ ሾፌር ተቀምጠው ነበር። እንዲያናግሩን ስንለምናቸው እሺ አሉ። ድምፃቸውን ለመቅዳት ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ፣ ክፍል ውስጥ እንደተማርነው ቃል ገባሁላቸው።

"የሚነግሩንን ለማንም አንናገርም። ስምዎም አይጠቀስም።"

ስለ መድን ብዙም የሚሉት አልነበራቸውም። ስለ አደጋ ስጠይቃቸው ግን እጃቸውን ከምግቡ ሰበሰቡ።

"ፍሬኑ ነው የሚያስፈራኝ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ካልደጋገምኩት አይዝም። ለመኪናው ባለቤት ነግሬዋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድን ሥራና ሰኞ ጋራዥ ይገባል አለኝ።"

ሰዓቱ ሲደርስ ወደ አዳማ ለመመለስ መናኸሪያ ሄድን። ተራው የደረሰው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶታል። መሪውን የያዙት ጋሽ ከድር ነበሩ። መሐል ወንበር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ከኋላ ደግሞ ምርኩዛቸውን የታቀፉ አዛውንት ተቀምጠዋል።

ናኦል ክንዴን ያዘኝ። "እኛ አንሳፈር፤ ሌላ እንጠብቅ።"

"እነሱስ?"

"ቃል ገብተናል እኮ ሃያት! ምን እናድርግ?"

አማካሪያችን ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ላንጋኖ የሚወስደው ቁልቁለት ትዝ ሲለኝ እግሬ ራሱ ወደ ሾፌሩ መስኮት ወሰደኝ።

"ጋሽ ከድር፣ በዚህ ፍሬን ነው የሚሄዱት?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ለማንም አልናገርም ብለሽ ነው ያናገርሽኝ። ባለቤቱ ቁልፉን ቢቀበለኝ ልጆቼን አንቺ ታበያቸዋለሽ?"

"ወይ እርስዎ ለተሳፋሪዎቹ ይንገሯቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

መስኮቱን ዘጉብኝ። ሞተሩ ተነሣ። ሳላስበው መኪናው ፊት ቆምኩ። ተራ አስከባሪው "አብደሻል እንዴ? ልቀቂ!" እያለ መጣ። መኪናው ትንሽ ወደ እኔ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ተንገጫግጮ ቆመ። ያቆሙት የእጅ ፍሬኑን ስበው እንደሆነ በመስታወቱ አየሁ። እሳቸውም እንዳየሁ አይተዋል። ከዚያ ሞተሩን አጠፉ።

"ውረዱ። ፍሬን አይዝም" አሏቸው ተሳፋሪዎቹን።

ጩኸቱ አይጣል ነው። "ከጫንከን በኋላ ነው እንዴ የምትነግረን?" ያሉ ነበሩ። ነፍሰ ጡሯ ወርዳ የመናኸሪያው ግንብ ጥላ ሥር ተቀመጠችና ሆዷን ያዘች።

ጋሽ ከድር መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "የቀዳሽውን አጥፊው።" እያዩ አጠፋሁላቸው። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

መመለስ

በሌላ መኪና ተሳፈርን። ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እኔም ወለሉን እረግጥ ነበር። መቂን ስናልፍ ናኦል "እኔ ብሆን ዝም እል ነበር" አለ። አዳማ የደረስነው መብራት ከበራ በኋላ ነው።

ሰኞ ለአማካሪያችን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ አላመሰገኑኝምም። "ሰውየው ሊያዝንብሽ መብት አለው" አሉ። "ቃል ስትገቢ ድንበሩን አልነገርሽውም። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ዝም አልልም የሚለውን ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት መስማት ነበረበት።" ከዚህ ጉዞ ይዤው የገባሁት ትምህርት ይኸው ነው። ሚስጥር እጠብቃለሁ ከማለቴ በፊት የትኛውን ልጠብቅ እንደማልችል ማወቅ አለብኝ።

በሳምንቱ አዳማ መናኸሪያ አንድ ወጣት ሾፌር አገኘሁ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ዝም አልልም የሚለውን፣ መጠይቁ መግቢያ ላይ የጨመርነውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አሰብ አደረገና ሳቀ።

"እሱን ካልሽማ፣ ስለ ፍሬን እንዳትጠይቂኝ።"

መጠይቁን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"እንግዲያው ጥናቱ ይቆይ" አልኩት፤ "መጀመሪያ ስለ ፍሬኑ እናውራ።"